ሆጋርት፣ ጊልሬይ ወይስ ሮውላንድሰን? የድሮ የእንግሊዝ ካሪካቸር ለመግዛት ላሰበ

መጀመሪያ የገዛሁት ጊልሬይ ጀርባው ላይ ሌላ ጊልሬይ ነበረው። ጊልሬይ የምለው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ካሪካቸር፣ ማለትም ሰውን አጋኖ የሚያፌዝ ሥዕል፣ ይሠራ የነበረውን ሰው ነው።

ለንደን ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው ያገኘሁት። ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው፤ ቀኑ ራሱ ላይ ተጽፎልሃል» አለኝ። እውነትም ከሥሩ ቀን አለ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከፕላስቲኩ ሳወጣው እንደ አጋጣሚ ገለበጥኩት። ሌላ ሙሉ ሥዕል፣ ሌላ ርዕስ፣ ሌላ ቀን። በጊልሬይ ዘመን ግን በሱቅ የሚሸጥ ሥዕል የሚታተመው በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ነበር። በሁለት ፊት ያተመው ቦን የሚባል የለንደን መጽሐፍ ነጋዴ ነው፤ ሥዕሎቹ የሚታተሙባቸውን የመዳብ ሰሌዳዎች አግኝቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በትልቅ ጥራዝ አወጣቸው። ጊልሬይ ያኔ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሥዕሉ ላይ ያለው ቀን ሰሌዳው የወጣበት ቀን ነው። ወረቀቱ መቼ እንደታተመ አይናገርም። የመዳብ ሰሌዳ ከሰዓሊው በላይ ይኖራል፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ሌላ አታሚ እጅ ይገባል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያንኑ ቀን ይዞ ይታተማል። ስለዚህ «የማንን ልግዛ?» ካሉ በኋላ «የትኛውን እትም?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚያስበላው ግን ሁለተኛው ነው።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሠራሩን ላላወቀ ባጭሩ ልንገር። የመዳብ ሰሌዳ በስሱ ሰም ይቀባል። ሰዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል። ሰሌዳው አሲድ ሲነካው ሰሙ የተጫረበትን መስመር አሲዱ ይበላዋል። መስመሩ ቀለም ይሞላል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በማተሚያ ይጨመቃል። እኛ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ከአንጥረኛ ነው የወሰድነው። እዚህም ሰሙ የእውነት ሰም ነው። ወርቁን ተመልካቹ ይፈልግ።

ሥዕሎቹ አንዳንድ ቅጠል ሆነው በሱቅ ይሸጡ ነበር። የተለመደው ዋጋ ያለ ቀለም ስድስት ፔኒ፣ በእጅ ከተቀባ አንድ ሽልንግ (12 ፔኒ)፣ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ። የለንደን የቀን ሠራተኛ በቀን ሁለት ሽልንግ ገደማ ነበር የሚያገኘው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በሱቁ መስኮት ተሰልፎ በነጻ ነበር የሚስቀው። ያለው ደግሞ ይከራያል። ፒካዲሊ ላይ ሱቅ የነበረው ፎርስ ሙሉ አልበም ለአንድ ምሽት ያከራይ ነበር። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ትዝ አይላችሁም?

ሆጋርት፦ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ

ዊልያም ሆጋርት (1697–1764) ሥራ የጀመረው በብር ዕቃ ቀራጭ ቤት በተለማማጅነት ነው። ካሪካቸር ሠሪ ሲሉት አይወድም ነበር። በ1743 ወደ መቶ የሚጠጋ ፊት የታጨቀበት አንድ ሰሌዳ ቀረጸ። እኔ የምስለው የሰውን ጠባይ ነው፣ አፍንጫ ማስረዘም ሌላ ነገር ነው ለማለት።

የእሱ ዋና ሥራ ተከታታይ ነው። ስለ ጋለሞታዋ ሕይወት በ1732 ስድስት ሥዕል፣ ስለ አባካኙ ወጣት በ1735 ስምንት፣ ስለ ገንዘብ ጋብቻ በ1745 ስድስት። የመጀመሪያው ስብስብ አንድ ጊኒ ማለትም 21 ሽልንግ ነበር የሚሸጠው። ወዲያው ሌቦች ገለበጡት። ሆጋርት ከሌሎች ቀራጮች ጋር ፓርላማ ድረስ ሄዶ በ1735 ቀራጮችን ለ14 ዓመት የሚጠብቅ ሕግ አስወጣ። የአባካኙን ሥዕሎችም ሕጉ ሥራ ላይ እስኪውል ይዟቸው ቆየ። ከዚያ ወዲህ በወጡ ሥዕሎች ሥር «በፓርላማ ሕግ መሠረት የታተመ» የሚል መስመርና ቀን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ያ እኔን ያታለለኝ ቀን ማለት ነው።

ከተከታታዮቹ ውጭ አንድ ብቻ ግዙ ብባል የ1751ዱን የጂን (እንደ አረቄ ያለ ጠንካራ መጠጥ ነው) መንደር ሥዕል እመርጣለሁ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሃል ላይ አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ቆስሏል። ሱረት ልትቆነጥር ስትል ሕፃኗ ከእቅፏ አምልጦ በአናቱ ወደ ታች እየወደቀ ነው። እሷ ፈገግ ብላለች። ግራ በኩል አንድ ሰው ከውሻ ጋር አንድ አጥንት ይግጣል። ቀኝ ከታች አጥንቱ የቀረ ሰው የመጠጥ ብርጭቆ እንደያዘ ደርቋል። የጂን ቤቱ በር ላይ «በአንድ ፔኒ ስካር፣ በሁለት ፔኒ ሙት ስካር፣ ንጹሕ ገለባ በነጻ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉ የፈረሰበት መንደር ውስጥ አምሮበት ከሚታየው አንዱ ዕቃ በመያዣ እየያዘ የሚያበድረው ሰው ቤት ነው። ከኋላ የሚታየው ሾጣጣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የብሉምስበሪው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ዛሬም ቆሟል፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ይህ ሥዕል ከቢራው መንደር ጋር ጥንድ ነው። ቢራ የሚጠጡት ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ደስተኞች ናቸው። በዚያው ዓመት የጂን ንግድን የሚያጠብቅ ሕግ ወጥቷል። ሆጋርት ሁለቱን አንዳንድ ሽልንግ ነው የሸጣቸው፤ ብዙ ሰው ጋ እንዲደርሱ ፈልጎ ነው።

የሆጋርት ጥሩው ነገር የእንግሊዝን ፖለቲካ ሳታውቁ መረዳት መቻላችሁ ነው። ስካር፣ ዕዳ፣ ለገንዘብ የተደረገ ጋብቻ፤ ይህን ለእኛ ማን ያስተረጉምልናል? መጥፎው ነገር ደግሞ ከሩቅ አያምርም። ሦስት ሜትር ርቃችሁ ስታዩት ግራጫ ነገር ነው። ሶፋ በላይ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም፤ ወንበር ስባችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ይፈልጋል። ከተከታታዩ አንዱን ብቻ መግዛትም ድራማውን ከአራተኛው ክፍል እንደመጀመር ነው።

ጊልሬይ፦ ክርክር ለሚወድ

ጀምስ ጊልሬይ (1756–1815) ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ንጽጽሬ ላይ ያዳላሁ ከመሰላችሁ አዳልቻለሁ።

አሳታሚው ሐና ሐምፍሪ የምትባል ሴት ነበረች። ከሱቋ በላይ ባለው ክፍል ይኖር ነበር። ከ1797 ጀምሮ ሱቁ በሴንት ጀምስ ጎዳና ቁጥር 27 ነው፤ ፖለቲከኞቹ የሚውሉባቸው ክለቦች እዚያው ሰፈር ናቸው። ሰውየው የሚስላቸውን ሰዎች በመስኮቱ ያያቸዋል ማለት ነው።

በጣም የታወቀው ሥራው የካቲት 26 ቀን 1805 የወጣው ፑዲንግ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት እና ናፖሊዮን ማዕድ ቀርበዋል። ሳህኑ ላይ ያለው እንፋሎቱ የሚወጣ ፑዲንግ የዓለም ሉል ነው። ፒት ክው ብሎ የደረቀ ረዥም ሰው ነው፤ ሹካው የባሕር አምላክ ጦር ይመስላል፤ ተረጋግቶ ከላይ እስከ ታች ውቅያኖሱን ይቆርጣል። ናፖሊዮን አጭር ነው፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ አውሮፓን በሰይፍ ይገምጣል። ቃል ሳያስፈልግ ሁሉም ነገር ገባችሁ። ከዚያ ወዲህ የዓለምን ካርታ እንደ ኬክ የቆረጠ ካርቱኒስት ሁሉ ባለዕዳው ነው። ናፖሊዮን ድንክ ነበር የሚለው ወሬም በአብዛኛው ከጊልሬይ ሰሌዳ የወጣ ነው። ሰውየው ለዘመኑ መካከለኛ ቁመት ነበረው።

ግን ሁሉም ሥዕሉ እንደዚህ አይቀልም። አብዛኛው የፓርላማ ሐሜት ነው። ቢያንስ ሦስት ፊት መለየት አለባችሁ። ወፍራም፣ ጥቁር ቅንድብ፣ ጢሙ ያልተላጨ ከሆነ ተቃዋሚው ፎክስ ነው። ቀጭን፣ አፍንጫው ወደ ላይ የሾለ ከሆነ ፒት ነው። መነጽር ያደረገ ረዥም አፍንጫ የፓርላማ ሰው የነበረው በርክ ነው። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅም። ከ1797 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የፒት መንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ በድብቅ ይከፍለው ነበር። ሽልማት ባየበት በኩል ግጥሙን የሚያዞር አዝማሪ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። የሚገርመው ከፋዮቹንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልማራቸውም። መጨረሻው አያምርም። ዓይኑ ደከመ፣ የመጨረሻ ሥራውን በ1809 ጨረሰ፣ አእምሮው ታወከ፣ እዚያው የሐምፍሪ ቤት ሞተ።

ፖለቲካው ከከበዳችሁ የ1799ኙን የሪህ ሥዕል ፈልጉ። ያበጠ እግር ትራስ ላይ ተጋድሟል። ትንሽ ጥቁር ጋኔን ጥርሱንና ጥፍሩን ሰክቶበታል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ሪህ ያለበት ዘመድ ካላችሁ አታሳዩት፤ ወይም አሳዩት፣ እንደ ጸባዩ ነው። ሁለተኛው ምርጫዬ የ1792ቱ ጥንድ ነው። በአንዱ ልዑሉ ጠግቦ፣ የሸሚዝ ሽፋኑ ሊፈነዳ ደርሶ፣ በሹካ ጥርሱን ይጎረጉራል። በሌላው አባቱ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የተጣፈ ሱሪ ለብሶ እንቁላል ይበላል። ገንዘብ በታኝ ልጅና ቋጣሪ አባት ጎን ለጎን።

ሮውላንድሰን፦ ዓይኑን ማስደሰት ለሚፈልግ

ቶማስ ሮውላንድሰን (1757–1827) በለንደኑ የሥዕል ትምህርት ቤት በሮያል አካዳሚ የተማረ ነው። ከአክስቱ የወረሰውን ገንዘብ ቁማር በላው። ከዚያ በኋላ ለዳቦ ሳለ፣ ብዙ ሳለ። መስመሩ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ከሦስቱ ከሩቅ የሚያምረው እሱ ነው። ሰው ሲበላ፣ ሲወድቅ፣ ሲሽኮረመም፣ ከጋሪ ሲገለበጥ ይስላል። የሮያል አካዳሚ ኤግዚቢሽን ይታይበት የነበረው የሶመርሴት ሐውስ ጠመዝማዛ ደረጃ አቀበቱ በጣም የከበደ ነበር። ሮውላንድሰን ሥዕል ሊያይ የወጣውን ጨዋ ሕዝብ በሙሉ ከዚያ ደረጃ ላይ አንከባለለው። ቀሚስ በራስ ላይ፣ እግር በአየር። ደረጃው አሁንም አለ፤ ኮርቶልድ ጋለሪ የገባ ሰው ይወጣበታል።

ሳሎን ውስጥ ከመስቀላችሁ በፊት ግን በደንብ እዩት። ሰውየው ለብልግና አይሳሳም። አማታችሁ ቡና የሚጠጡበት ክፍል ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ።

ሌላው ልዩነት፣ በብዕርና በውሃ ቀለም የሠራቸው የእጅ ሥዕሎችም ገበያ ላይ ይወጣሉ። ተመሳሳዩን ሥዕል ደጋግሞ ይሠራ ነበር፣ አስመሳዩም ብዙ ነው። ፊርማ ስላለው ብቻ ገንዘብ እንዳታወጡ።

ስማቸው የማይጮኽ

ልምዴ ገንዘቡ ለተወሰነ ሰው የሚለው ይህንን ነው፦ የትልቅ ሰው ዘግይቶ የታተመ ከምትገዙ፣ የትንሹን በዘመኑ የታተመ ግዙ። አይዛክ ክሩክሻንክ (1764–1811) ብዙ ጊዜ ለፎርስ ይሠራ ነበር። እንደ ጊልሬይ አይረቅቅም፣ ግን ሕያው ነው። ሪቻርድ ኒውተን በ21 ዓመቱ በ1798 ሞተ፤ ልጅነቱ ሥዕሉ ላይ ያስታውቃል፣ ንጉሥ አይፈራም። ጀምስ ሴየርስ ፎክስን በ1783 እንደ ምሥራቅ ንጉሥ ዝሆን ላይ አስቀምጦ ለንደን ያስገባው ነው።

ፋሽን የሚወድ ሰው ማቲውና ሜሪ ዳርሊን ይፈልግ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ስትራንድ ጎዳና ላይ ሱቅ ነበራቸው። በ1770ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን መልስ ፀጉራቸውን ተራራ ያሳከሉ ወጣቶችን አንድ በአንድ ሳሉ። ትንንሽ ናቸው፣ ለጠባብ ግድግዳ ይሆናሉ። ካሪንግተን ቦውልስ ያሳተማቸው ሜዞቲንቶች (በመስመር ሳይሆን በጥላ የሚሠሩ ሕትመቶች) ደግሞ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ጥቁር አላቸው፤ ሰሌዳው ቶሎ ስለሚያልቅ የደበዘዘውን ተዉት። ከ1807 ገደማ በኋላ ቺፕሳይድ ላይ የነበረው ቴግ የሚባል አሳታሚ ገበያውን በአንድ ሽልንግ ባለቀለም ሥዕል አጥለቀለቀ። ቀለሙ ይጮኻል፣ ዋጋው ግን ይቀላል።

ሳልናገረው የማላልፈው አለ። ጥቁር ሰው በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ አሽከር ሆኖ፣ መቀለጃ ሆኖ። አይሁዱ፣ አየርላንዳዊውና ፈረንሳዊውም አልተማሩም። በሌላ በኩል ጊልሬይ በ1791 የሸንኮራ እርሻ አለቃ አንድን ባሪያ በሚፈላ የስኳር ጋን ውስጥ ሲደፍቀው የሚያሳይ ሰሌዳ አውጥቷል። የሆጋርት ጋብቻ ተከታታይ አራተኛው ሥዕል ላይ ጥምጣም ያደረገው ትንሽ ጥቁር ልጅ የቀንዳም አሻንጉሊት ይዞ እየሳቀ ቀንዱን ይጠቁማል (ቀንድ እነሱ ዘንድ ሚስቱ የከዳችው ባል ምልክት ነው)፤ የባልየው መከዳት የገባው እሱ ነው። የምትገዙትን ሥዕል ጥጋጥጉን ሳይቀር እዩ። ከዓመታት በኋላ ግድግዳችሁ ላይ ድንገት ስታዩት ደስ የማይል ነገር ይኖራል።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን

አሁን ወደ እኔ ስህተት። መጀመሪያ ገልብጡ። ጀርባው ላይ ሥዕል ካለ ጊልሬዩ የቦን እትም ነው። ጥሩ ወረቀት ነው፣ መስመሩም ያምራል፣ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው እትም ጋር አይቀራረብም። የቦን እትም ያለ ቀለም ነው የወጣው። ባለቀለም ሆኖ ካገኛችሁት አንድ ሰው ቆይቶ ቀብቶታል።

ቀጥሎ ወደ መስኮት ያዙት። የድሮው ወረቀት እንደ ወንፊት ጥቅጥቅ ያሉ ስስ መስመሮችና አልፎ አልፎ የሚያቋርጧቸው ሰፋ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል። ሆጋርት በሕይወት እያለ የታተመው እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ነው። መስመር የሌለው ለስላሳ ወረቀት ላይ ያለ ሆጋርት የኋላ ነው። ሰሌዳዎቹ ከሆጋርት ሚስት ሞት በኋላ ቦይዴል ለሚባል አሳታሚ ተሸጠው በ1790 ታተሙ፤ በ1822 ደግሞ ሄዝ የሚባል ቀራጭ የደከመውን መስመር አድሶ እንደገና ወጡ። ገበያው ላይ ተደጋግሞ የሚገጥማችሁ ይህ ነው። ለማየት መጥፎ አይደለም፤ እንደ 1735 ከተሸጠላችሁ ግን ተበልታችኋል።

ጊልሬይ ላይ ይህ ዘዴ ብቻውን አይሠራም። በእሱ ዘመን ለስላሳው ወረቀት ተለምዷል። እዚያ የውሃ ምልክቱን፣ ማለትም ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ውስጡ የሚታየውን ጽሑፍ፣ አንብቡ። ዋትማን የሚባለው የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪ ወረቀት ከ1794 ጀምሮ ዓመት ይጻፍበታል። ሥዕሉ 1798 እያለ ወረቀቱ 1818 ካለ ክርክሩ አለቀ።

የሰሌዳው ጠርዝ እርጥብ ወረቀት ላይ የሚተወው ሰርጎድ ያለ መስመርም አለ። በጣት ይዳሰሳል። የዘመኑ ማሽን ኮፒ ይህ የለውም፤ በማጉያ ስታዩትም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የድሮ ሰዎች አልበም ላይ ለመለጠፍ ዳር ዳሩን ስለሚቆርጡት የእውነተኛውም ጠርዝ ሊጠፋ ይችላል። ሥዕሉ የግራ ቀኙ ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ ምናልባት የሌባ ቅጂ ነው፤ ገልባጩ እንዳየው ሰሌዳ ላይ ሲስለው ሲታተም ይዞርበታል። የ1735 ሕግ አየርላንድን ስለማይነካ ደብሊን ላይ ያለ ሐፍረት ይገለብጡ ነበር። እኔ በበኩሌ የደብሊን ቅጂ እወዳለሁ፣ የራሱ ታሪክ አለው። እንደ ደብሊን ከተሸጠልኝ ማለቴ ነው።

ለማየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ምንም አትግዙ። የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ቀጠሮ ይዞ ለሄደም ኦርጅናሉን ጠረጴዛ ላይ ያወጡለታል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አጠገባችሁ ነው፤ በ1921 ከዊንዘር ቤተ መንግሥት የተገዙ ወደ 10,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ የቀልድ ሥዕሎች አሉት። ምስሉን አውርዶ ጥሩ ወረቀት ላይ ማሳተም ነውር የለውም። ግማሽ እውነት ከሆነው «ኦርጅናል» ይሻላል።

ከገዛችሁ ደግሞ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። የእጅ ቀለም ፀሐይ ይበላዋል። ከጀርባው የሚገባው ካርቶን አሲድ የሌለው ይሁን።

ያ ባለሁለት ፊቱ ጊልሬዬ አሁንም አለኝ። ክፈፍ ሠሪው «በየትኛው ፊት ላድርገው?» ሲለኝ በሁለቱም በኩል መስታወት አስገባሁበት። መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ ሲሰለቸኝ እገለብጠዋለሁ።